ለጡቴ ያልመከረ የለም

ሰኞ

ይህን ደብተር ያስገዛችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። «ልጅቷ የጠባችበትን ሰዓት፣ ቀኝ ይሁን ግራ፣ ስንት ዳይፐር እንዳረጠበች፣ ሁሉንም ጻፊ» አለችኝ። ገዛሁ። ግን ምን ብዬ ልጻፍ? ጠዋት ጠባች፣ ትራስ ነከስኩ። ረፋድ ላይ ጠባች፣ አለቀስኩ። ከሰዓት ጠባች፣ ባሌን ሰደብኩት፤ እሱ እኮ ቤት አልነበረም። ስለዚህ የሰዓቱን ነገር ትቼ ንዴቴን ልጽፍ ነው። ንዴቴ ቢያንስ ሰዓቱን አያዛንፍም።

ሁለቱም የጡቴ ጫፎች ተሰንጥቀዋል። ግራው ደምቷል። ቬሎ ስሰፋ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ መርፌ ያልወጋኝ ሳምንት የለም፤ እንዲህ ያለ ሕመም ግን አላውቅም። እሜቴ አፏን ከፍታ ስትመጣ የእግሬ ጣቶች ይኮራመታሉ። ልጄን እሜቴ የምላት ተኝታ ቤቱን ሁሉ ስለምታዝ ነው።

ዛሬ ተመዘነች። ክብደቷ ካለፈው ንቅንቅ አላለም። ነርሷ ፊቷን ቋጠር አድርጋ «በሚቀጥለው ሚዛን ካልጨመረች የዱቄት ወተት እናስጀምራታለን» አለች። የዱቄት ወተት! እኔ ልብሴ በወተት ርሶ እዚህ ቆሜ! «እስኪ ስታጠቢ ልይሽ» አለችኝ። ሻርፔን ከላይ ጣል አድርጌ አጠባሁላት። ሻርፑን ጥቂት አየችና «ጥሩ ነው» ብላ ቀጣይዋን ጠራች። ምኑን አይታ ነው ጥሩ ነው የምትለው? ሰው በሥራው እንዲህ ይቀልዳል?

ረቡዕ

አማቴ አራስ ሊያግዙ ከመጡ ወዲህ ቤታችን አንድ ሕግ አለው። ላጠባ ስቀመጥ ሁሉም ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይጋረዳል። «ገበና ነው» ይላሉ። እኔም ደስ ይለኛል፣ ሰው ፊት ራሴን አላራቁትም። ግን ገበና ከሆነ ታዲያ ከበሩ ጀርባ ሆነው የሚመክሩኝ ምን ሊሆን ነው?

«ልጄ፣ ያዘችልሽ?»

«አዎ እማማ።»

«ሕመሙ የእናትነት ወጉ ነው፣ ቻይው። በሳሙና አጥርተሽ እጠቢው፤ ንጹሕ ሲሆን ቶሎ ይደርቃል።»

«እሺ እማማ።»

«ወተትሽ እኮ ቀጥኖ ይሆናል።»

ለዚህኛው እሺ አላልኩም። በሳሙናው ግን እታጠባለሁ፤ ከማጥባቴ በፊትም፣ ከማጥባቴ በኋላም። ከታጠብኩ በኋላ በሽቦ የተፈተግኩ ነው የሚመስለኝ።

ሐሙስ

ፋርማሲ ሄድኩ። «ለጡት ጫፍ የሚሆን ቅባት» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ፋርማሲስቱ «ለምን ጫፍ?» አለ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ስልኩን ትቶ ጆሮውን አቆመ። «ለጡት!» አልኩ። መቼም ካፈርኩ አይቀር ብዬ ነው።

ሦስት ደረደረልኝ። አንዱ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል፤ ልጄ እኔን ነው የምትጠባው ወይስ አትክልት ቦታ? አንዱ ፊት ላይ የሚቀባ ተራ ቫዝሊን ነው። ሦስተኛው ከበግ ጠጉር የሚወጣ ስብ ነው አለ፣ ላኖሊን የሚሉት፣ በቲዩብ የታሸገ።

«የትኛው ይሻላል?»

«ሁሉም ጥሩ ናቸው።»

«ሁሉም ጥሩ ከሆኑ ለምን ሦስት ሆኑ?»

«እንግዲህ የሰው ምርጫ ነው።»

ለሰው ምርጫ ሰጥቶ ራሱ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ላኖሊኑን ወሰድኩ። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ጉንዳን ያክላል። ቤት ገብቼ መብራቱ ሥር ይዤ ሳነብ «በስሱ ይቀቡ» ይላል። ስሱ ምን ያህል ነው? እኛ ሰፊዎች ጨርቅ ስስ ስንል እንኳ ዳብሰን ነው።

ዓርብ

ቅባቱ ይጣበቃል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ግን ውሸት አልጽፍም፣ ትንሽ አለሳልሶልኛል። ተቀብቼ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ በሳሙና አጥቤ አነሳዋለሁ፤ ልጄ ቅባት እንዳትበላ። ከዚያ እንደገና እቀባለሁ። ሥራ ሆነብኝ እኮ።

እሑድ

ቲዩቡን ተጠፍጥፎ አገኘሁት! ትናንት ሙሉ የነበረ፣ ዛሬ እንደ ተረገጠ ጫማ። ቤቱን አተራመስኩ። አማቴ ሶፋው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ተረከዛቸው እንደ ሙሽራ ተረከዝ ያበራል።

«ልጄ፣ ያ ቅባትሽ ለተሰነጠቀ ተረከዝ እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ!»

ቆሽቴ አረረ። «እማማ፣ እሱ እኮ ለጡት ነው» አልኩ።

«ስንጥቅ ያው ስንጥቅ ነው» አሉኝ። ምን እላለሁ? የባሌ እናት ናቸው። ጓዳ ገብቼ በፎጣ አፌን ይዤ ጮኽኩ።

ማክሰኞ

ባሌ የወተት መኪና ሾፌር ነው፤ በየከብት እርባታው እየዞረ ወተት ይሰበስባል። ዛሬ ፈገግ ብሎ ገባ። እጁ ላይ ትልቅ ቆርቆሮ፤ ቆርቆሮው ላይ የላም ሥዕል።

«ተአምር ነው አሉኝ። እዚያ ያሉት በሁለት ቀን ነው የሚድኑት።»

«እነማን ናቸው የሚድኑት?»

«ላሞቹ።»

ላሞቹ! እሱ ደግሞ ቅር እንኳ አላለውም። ለካ ሳምንቱን ሙሉ በየደረሰበት ሲጠይቅ ነው የከረመው። «ሚስቴ ጡቷ ተሰንጥቆ» እያለ! በዚያ መንገድ ላይ ያለ አላቢ ሁሉ የኔን ጡት ሁኔታ አብጠርጥሮ ያውቃል ማለት ነው። አንዱማ «ጥጃው አያያዙን አላወቀበት ይሆናል፤ አፉን ሲከፍት አይተሃል?» ብሎታል አሉ።

«ልጅህን ጥጃ ሲልህ ዝም አልክ?»

«ለምሳሌ ነው እኮ ያለው።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«አላየሁም አልኩት። በሩ ይዘጋል አልኩት።»

ከዚያ ሌላ አላነጋገርኩትም። ቆርቆሮውን አማቴ ለተረከዛቸው ወሰዱት።

ሐሙስ

ጨርቅ ቆራጯ መጣች፣ የስፌት ቤት ጓደኛዬ። አንድ አይነ ርግብ ይዛ መጣች፤ ዶቃው ጠርዙ ላይ ተሰፍቶ አልቆ መሀሉ ቀርቷል፣ ሙሽራዋም ተቻኩላለች፤ እሜቴ ስትተኛ ሰፍቼ እንድጨርስላቸው ነው። አይነ ርግቡን ሳጥፍ ድንገት ደረቴን ነካኝና ጮኽኩ።

«ጡትሽ ነው?» አለች። ከቦርሳዋ ብልቃጥ አወጣች። ትንሽዬ፣ ነጭ፣ ምንም ያልተጻፈባት። ከስፌት ቤታችን ሥር ያለው የውበት ሳሎን ባለቤት ከትልቅ ቲዩብ እየጨመቀች፣ ለአራሶች በብልቃጥ ታድላለች።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ሕመሙ ይጠፋል፤ ሌላው ምን ያደርግልሻል? ከማጥባትሽ ትንሽ ቀደም ብለሽ ቀቢው። እሷ ያልሰጠቻት አራስ እዚህ ሰፈር የለችም።»

ጽጌረዳ አይሸትም። ላም አልተሳለበትም። ይበቃኛል።

ሐሙስ ማታ

ጠፋ! ሕመሙ ጠፋ! እሜቴ ያዘች፣ የእግሬ ጣት አልተኮራመተም። ከወለድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠባ ፊቷን አየሁት፤ ሌላ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ቅንድቧ የባሌ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያቺን ባለ ሳሎን እግሯን ብስም አይቆጨኝም። ፋርማሲስቱ፣ ነርሷ፣ ላሞቹ፣ ሁላችሁም እፈሩ።

ብልቃጧን ከአልጋዬ ሥር ከተትኳት። ተረከዝ እንዳያገኛት።

እሑድ

ሕመም የለም። ልጄ ግን ሰነፈች። ሁለቴ ሳብ ታደርግና ጡቱ ከአፏ ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ወተቱ በአገጯ ይወርዳል። ትተኛለች፣ ወዲያው ተርባ ትነሳለች፣ ታለቅሳለች፣ ትይዛለች፣ ይወጣባታል። ይህን ያህል ደልቶን ምን ሆነች?

«ወተትሽ ቀጥኗል አላልኩሽም?» አሉ ከበሩ ጀርባ።

እኔም ደክሞኛል። ዶቃ ስሰፋ ውዬ ሻይ ስጠጣ ሻዩ በከንፈሬ ጥግ ፈሰሰ። አማቴ አይተው «ምነው፣ እንደ ልጅሽ ታዝረበርቢያለሽ?» አሉኝ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሻይ ቢያፈስ ይገርማል?

ማክሰኞ

ጡጦ ተገዝቷል። ሳይጠይቁኝ! መደርደሪያው ላይ ቆሞ ያየኛል። አጠገቡ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ። ኩሽና ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ልጅቷ እየከሳች ነው። ሚስትህ እልኸኛ ናት።»

«ትንሽ ጊዜ ስጪያት እናቴ። እስከ ሚዛኑ።»

«እልህ ልጅ አያሳድግም።»

«አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ።»

ፈርቻለሁ አለ፤ ለእናቱ! ለኔ ሲሆን ይስቃል፣ ቆርቆሮ ያመጣል። ለኔ ለምን አይነግረኝም? እኔስ የማልፈራ ይመስለዋል? ጡጦ የሰጠች እናት ኃጢአተኛ አይደለችም፤ እህቴ ሁለቱንም ልጆቿን በጡጦ ነው ያሳደገችው፣ አንበሶች ናቸው። ግን የኔ ወተት ይኸው ልብሴን እያራሰ ነው። ሞልቶ እየፈሰሰ ልጄ ትራባለች? ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ሚዛኑ ሰኞ ነው።

ብዙ ሳልቀባ አልቀረሁም ዛሬ። ሕመሙ እንዳይመለስ።

ዓርብ

ካልጻፍኩት አልተኛም።

ክርን በምላስ አርጥቦ፣ በጣት አሹሎ መርፌ ውስጥ ማስገባት የሰፊ ሁሉ ልማድ ነው። ዛሬ ቅባቱን ተቀባሁና እሜቴ እስክትነቃ ጥቂት ዶቃ ልጨምር ብዬ ተቀመጥኩ። ክሩን አሾልኩ፣ ወደ አፌ፣ ደግሜ አሾልኩ፣ ወደ አፌ። ትንሽ ቆይቶ ምላሴ ጠፋ። አለ፣ ግን የኔ አይደለም። ብስኩት ነከስኩ፤ ጨርቁ ላይ ደም ጠብ ሲል ነው ምላሴን መንከሴን ያወቅኩት። ምንም አላመመኝም።

ጣቴን አየሁ። ብልቃጧን አየሁ። እሜቴ ነቅታ አፏን ከፈተች።

ሮጬ ጡቴን አጠብኩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ልጄ እያለቀሰች፣ እኔም እያለቀስኩ። ልጄ ሰነፍ አይደለችም! አፏ ነው የደነዘዘው! በደነዘዘ አፍ ማን ጠብቶ ያውቃል? እኔ ሻይ መያዝ አቅቶኝ፣ እሷ ጡት እንድትይዝ! ሰነፍ አልኳት። የራሷን እናት አምና አፏን ስትከፍት፣ እኔ ሰነፍ አልኳት።

አይ፣ እኔ ምን አውቄ? ያቺ ሴትዮ ናት! ጸጉር ስትነቅል እንዳያም የምትቀባውን ለአራስ የምታድል! ምን እንደሆነ ያልጻፈች! ጥርሴን ነክሼ ነው ማታውን ያጠባሁት፣ ያለ ቅባት። እንደ ድሮው ነው የሚያመው። ግን ሳበች። ጉሮሮዋ ሲውጥ ሰማሁት።

ቅዳሜ

ሚዛኑን አልጠበቅሁም። ብልቃጧን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ አሸተተችና አዋላጇን ጠራች። አዋላጇ ጎልማሳ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። በጣቷ ነክታ ምላሷ ላይ አደረገች፣ ጥቂት ጠብቃ ተፋችው።

«ስሙን አላውቀውም። ምላስ የሚያደነዝዝ ነገር ግን ሕፃን አፍ አይገባም። በቃ፣ ተይው።»

«ሕመሙስ?»

«አጥቢያትና ልይ።»

ሻርፔን አነሳሁ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ሻርፕ።»

«እኔ የተማርኩት ጡት ነው። ሻርፕ አላክምም።»

ደም ፊቴ ላይ ወጣ። ነርሷ ቆማለች፣ በሩም ገርበብ ብሏል። እሜቴ ግን ርቧታል። ሻርፑን ወንበሩ ላይ ጣልኩትና አጠባኋት። አዋላጇ ጎንበስ ብላ አየች። ለካ ነገር በዓይን ይገባል።

«ይኸው! ጫፉን ብቻ ነው የያዘችው። ጫፍማ ሲታኘክ ይሰነጠቃል፣ ወተትም በደንብ አይወጣም። ሆዷን ከሆድሽ ጋር አድርጊው። አፏን እንደ ማዛጋት ሰፋ እስክታደርግ ጠብቂ፤ አሁን! አገጯ ይቅደም። ብዙውን ትያዝ።»

አንዴ ጠቅ አደረገኝና ከዚያ... ከዚያ መሳብ ብቻ። እንደ ጥብቅ ልብስ፣ ግን የሚያቆስል አይደለም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሳሙናውን ተይው አለች። ከማጥባት በኋላ ከራስሽ ወተት ጠብ አድርጊበትና አድርቂው፣ ካሻሽ ላኖሊኑን በስሱ ቀቢው፣ አትጠቢው አለች። «ስሱ ምን ያህል ነው?» አልኳት። የምስር ፍሬ ያህል በጣቷ አሳየችኝ። አንድ ሰው! አንድ ሰው መለሰልኝ!

መንገድ ላይ እየተንገበገብኩ መጣሁ። ለጡቴ ያልመከረ የለም። አማቴ መከሩ፣ ፋርማሲስቱ መከረ፣ ቆራጯ መከረች፣ አላቢ ሁሉ መከረ። አንድ እንኳ ያየው የለም። በዚህ ሁሉ ሰው መሀል ማንም አላየኝም። ሻርፑ? ሻርፑ ሌላ ነገር ነው።

እሑድ

ባሌ አዲስ ላኖሊን ገዝቶ መጣ። ቲዩቡ ላይ በትልቁ «የእግር አይደለም» ብሎ ጽፎበታል። ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት። «ፈርቻለሁ ያልከውን ሰምቻለሁ» አልኩት። ቲዩቡን ጡጦው አጠገብ አቆመው። «ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበር?» አልኩት። «አንቺ ተቆጥተሽ ስትታይ የማትፈሪ ይመስላል» አለኝ። ሰው ሚስቱን እንደዚህ አያውቃትም?

ሰኞ

ትንሽ ጨምራለች። ነርሷ ትንሽ ናት አለች፣ ሳምንት ሰጠችን። ጡጦው መደርደሪያው ላይ ነው። አላየሁትም።

ረቡዕ

የቀኙ ጠገገ። ግራው ገና ነው። አማቴ ዛሬ በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄ፣ ልግባ?» አሉ። ግቡ አልኩ። ገብተው ቆሙ፣ አዩ፣ አዩ፣ ምንም አልመከሩም። ሲወጡ «ለኔ እንዲህ ያሳየኝ አልነበረም» አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ በሩን ዘጉት።

ሰኞ

ጨመረች! ነርሷ ሚዛኑ ተሳስቶ እንደሆነ ብላ ደግማ መዘነቻት። ጨምራለች! ጡጦውን አማቴ ራሳቸው ከመደርደሪያው አውርደው ጓዳ ከተቱት። «ለሌላ ቀን ይሆናል» አሉ፣ እጃቸውን እያደረቁ።

አሁን ሌላ ጉዳይ አለብኝ። ያቺን ባለ ሳሎን። ስድቡን ከዓርቡ ጀምሮ እያደረጅሁት ነው፤ መግቢያ አለው፣ ሐተታ አለው፣ መደምደሚያ አለው።

ማክሰኞ

እሜቴን አዝዬ ሄድኩ። ሳሎኑ ባዶ ነበር። ብልቃጧን ጠረጴዛዋ ላይ ዷ አድርጌ አስቀመጥኳት።

«ይህን ለአራስ የምትሰጪው ምን አስበሽ ነው?» መግቢያው ይህ ነበር።

«ምን ሆነ? አልሠራም?»

«ሠራ እንጂ! ልጄን አፏን አደነዘዘልኝ! መጥባት አቅቷት ልትሞትብኝ ነበር!»

«እኔ አስገድጄሻለሁ?» አለች፣ እሷም ተቆጥታ። «ያንን ደረጃ ታያለሽ? አራሶቹ እዚያ ቁጭ ብለው ነው የሚያለቅሱት። ማን ምን ሰጣቸው? ጸጉር በሰም ስነቅል እንዳያም የምቀባውን ሰጠሁ፣ ያለኝ እሱ ነው። ከአንዷም ሳንቲም አልወሰድኩም።»

«አፋቸው ውስጥ ይገባል እኮ! የሕፃናቱ!»

ብልቃጧን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አላሰብኩትም» አለች። «እናቶቹ ማልቀስ ሲያቆሙ ሠራ አልኩ። እኔ ወልጄ አላውቅም። ማን ይነግረኛል?»

ሐተታው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አሁንም ተናድጃለሁ፤ እየጻፍኩም ደሜ ይፈላል። ግን ለአራስ ለቅሶ አንድ ነገር ያደረገች እሷ ብቻ ሆና ሳለ፣ ስድቡን ሁሉ እሷ ላይ ማራገፍ አቃተኝ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። አንዲት ልጅ እግር እናት ሕፃን ታቅፋ ገባች። ዓይኗ አብጧል፣ አረማመዷ ደረቷን እንዳይነካት የምትጠነቀቅ ነው። «ያን ቅባት ፈልጌ ነበር» አለች።

ባለ ሳሎኗ እኔን አየችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የለም» አለቻት። «ሕፃን ይጎዳል።»

ልጅቷ ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችው። «ታዲያ ምን ላድርግ? ሕመሙ ማታ ደግሞ ይመጣል እኮ።»

«ቁጭ በይ» አልኳት። «አጥቢውና ልይ።»

ተቀመጠች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ሻርፗን ሳብ አድርጋ እስከ ጉልበቷ ለቀቀችው፣ ከሥሩ ሕፃኑን አስጠጋች። ትከሻዋ ሲሸማቀቅ አየሁ።

«ይዟል፣ ደህና ነው» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«ጨርቁን አንሺው፣ የኔ እህት። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ማንም አላየኝም እያልኩ ስንት ሳምንት ሙሉ ሰው ስሰድብ፣ ለካ ለማንም አላሳየሁም።»

ባለ ሳሎኗ ተነስታ በሩን ዘጋች፤ ተመልሳም አጠገቤ ጎንበስ አለች፣ እሷም ልታይ።

ልጅቷ ሻርፑን አነሳችው።